ጨው ላይ ስንት ትሄዳለች?

የከተማው አውቶቡሶች በሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ "ለምን" ይሉታል። ስሙ እንዲሁ አልወጣለትም። ሌላው መካኒክ የላላውን ብሎን አጥብቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ ምሳውን በልቶ ሲመለስ፣ እሱ ገና ብሎኑ ለምን እንደላላ ይመረምራል። ሚስቱ ከዚያው ጋራዥ የሚወጣ አውቶቡስ ትነዳለች። የተዋወቁትም እሷ "ይሄ ፍሬን ያፏጫል" ብላ በመጣችበት ቀን ነው። ስለ ፉጨቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቃት።

"ያገባሁት ጥያቄው እንዲያልቅለት ብዬ ነበር፤ እሱ እቴ!" ትላለች።

የነገሩ መነሻ ጎረቤታቸው ነው። ቤት ሲቀይር አንዲት ያረጀች ትንሽ መኪና ጓሯቸው ትቶላቸው ሄደ። በዚያው ሰሞን ለምን ጥርሱን ሊታከም ሄዶ ተራ ሲጠብቅ አንድ የተቀዳደደ መጽሔት አነበበ። በበጋ የሚደርቅ የጨው ሐይቅ አለ ይላል፤ ወለሉ ጠንካራ፣ ዓይን እስኪያልፍ የተዘረጋ ሜዳ። በየዓመቱ ሰዎች በእጃቸው የሠሩትን መኪና ይዘው ይመጣሉ። ቀዳሚና ተከታይ የለም። መኪናው ብቻውን ይሮጣል፣ ሰዓት ይለካዋል፣ አለቀ።

ጥርሱ ተነቅሎ ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ "ይቺ ጓሮ ያለችው ጨው ላይ ስንት ትሄዳለች?" የሚል ሆነ።

"ጡረታ ስትወጣ ትደርስበታለህ" አለችው።

"ያኔማ የሚጠይቀው ጉልበቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

ሦስት ዓመት ፈጀ። ከሥራ መልስ እየመጣ ጣሪያዋን ቆርጦ በአንድ ስንዝር ዝቅ አደረገው። መብራቶቿን ነቅሎ ቀዳዳውን በላሜራ ደፈነ። ከሹፌሩ ወንበር በቀር ሁሉንም አወጣ፤ ብትገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ ውስጧን በወፍራም የብረት ቱቦ በየደ። ይህን ሁሉ ችሎ አንድ ነገር አስቸገረው፤ ንፋስ አይታይ ነገር፣ የት የት እንደሚይዛት እንዴት ይወቅ?

ሚስቱ ተርሚናል ላይ ተራ ስትጠብቅ ሹራብ ትሠራለች። "ክር ለጥፍባት" አለችው፣ ዓይኗን ከሹራቧ ሳታነሳ።

የተረፋትን ክር በጣት ርዝመት ቆራርጠው መኪናዋን ሁለመናዋን ለጠፉባት። አንድ እሑድ ጠዋት እሷ ጭር ያለ መንገድ ላይ ስትነዳት፣ እሱ በሞተር ሳይክል ከጎኗ እየሄደ ያያል። ፊት ያሉት ክሮች እንደተበጠረ ጸጉር ተኝተዋል። ከኋላ ያሉት ግን እንደደነገጠች ድመት ቆመው ይንዘፈዘፋሉ። ንፋሱ ከኋላ እየተተራመሰ ወደ ኋላ ይጎትታት ነበር ማለት ነው። ለምን እንደ ልጅ ፈነደቀ፤ አራት ወር ሙሉም ከላሜራ የሾለ ጅራት ሲሠራላት ከረመ።

ከዚያ ውድድሩ ላይ መኪና ለሚፈትሹት ሽማግሌ ስልክ ደወለ። የበር እጀታ ሳይቀር አውጥቶ መኪናዋን እንደ ላባ እንዳቀለላት በኩራት ነገራቸው። ሽማግሌው ሳቁ።

"ልጄ፣ ጨው እንደ አስፋልት ጎማ አይዝም። ቀላል መኪና ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። በል መልሰህ ጫን!"

ሚስቱ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ሦስት ዓመት ያወረድከውን?" እሱ አልተቀየመም፤ ያላሰበውን ነገር በማወቁ ደስ ብሎት ሁለት ወፍራም ብረት ከኋላ ጎማዎቹ በላይ አሰረ።

መኪናዋን በጭነት መኪና ላይ አስረው ሁለት ቀን ተጓዙ። ሲደርሱ ለምን ተንበርክኮ መሬቱን ቀመሰ።

"ጨው ነው" አላት።

"ታዲያ ምን መስሎህ ነበር?"

"ማረጋገጥ ይሻላል።"

ሽማግሌው ፈታሽ ቀበቶውን፣ የነዳጅ ታንኩን፣ ብየዳውን አንድ በአንድ አዩ፤ እንከን አላገኙም። "አሁን ግባና ቀበቶህን እሰር" አሉት። "እሳት ቢነሳ በሃያ ሰከንድ መውጣት አለብህ።"

ጣሪያዋ በሦስቱ ዓመት ዝቅ ሲል የእሱ ቦርጭ ግን ገፍቶ ነበር። መጀመሪያ በሃምሳ አንድ ሰከንድ ወጣ። ቀጥሎ በአርባ ሰባት። በሦስተኛው መሪው ሥር ተቀርቅሮ ሰው ጎትቶ አወጣው።

"መኪናዋ አልፋለች" አሉ ሽማግሌው፣ እያዘኑ። "አንተ ግን አላለፍክም።"

ለምን ትርፍ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ቦርጩን ቁልቁል አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

"እኔን እንዳታየኝ!" አለችው። "በሃያ ሁለት ዓመት ሹፌርነቴ ከስልሳ ኪሎ ሜትር አልፌ አላውቅም።"

"አልለምንሽም። ግን ማወቅ አያምርሽም?"

ነጩን ሜዳ አየችው። ከዚያ ሄልሜቱን ከእጁ ተቀበለች።

በአሥራ አራት ሰከንድ ወጣች። "ተሳፋሪ ሲደባደብ ከዚህ በፍጥነት ወርጃለሁ" አለቻቸው ሽማግሌውን። እሳቸውም መጀመሪያ ቀስ ብላ እንድትለማመድ አድርገው በማግስቱ ፈቀዱላት።

ለምን መነሻው ላይ ቆሞ አያት። መኪናዋ ነጭ ብናኝ እያስነሳች ሄደች፣ ነጥብ አከለች፣ ጠፋች። ድምፅ ማጉያው ጥቂት ቆይቶ "በሰዓት ሁለት መቶ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር" አለ። የምድቡ ክብረ ወሰን ከዚያ በብዙ ይርቃል፤ ከሽማግሌው በቀር ያጨበጨበም የለም።

በጭነት መኪናው ተከትሎ ሲደርስ፣ ጨው ላይ ተቀምጣ አገኛት። ገና ሳይወርድ በመስኮት ጀመረ፦ "መሪው ተንቀጠቀጠ? ወደ ጎን ሳበሽ? ምን ይመስላል?"

"ቆይ ልተንፍስ!" አለችና ትንሽ አሰበች። "ሁሉ ነጭ ነው። የሚያልፍህ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። የምሄድ አልመሰለኝም፤ የቆምኩ ነው የመሰለኝ።"

እሱ ይህን በጭራሽ አልገመተም ነበር። ትንሽ ቅናት ቢጤ እንደወጋው በኋላ ለራሷ ነግሯታል።

ቤት ሲመለሱ ጨዉን ከመኪናዋ ሆድ አጥቦ ለመጨረስ ሳምንት ፈጀበት። በሚቀጥለው ወር ሚስቱ ወደ ጓሮ ወጥታ ገባችባትና እግሯን ፍሬኑ ላይ አደረገች። በደንብ ደረሰላት፤ ጨው ላይ ተንጠራርታ ነበር የምትረግጠው።

"ወንበሩን ወደፊት አምጥተኸዋል?"

"አዎ" አላት፣ የብየዳ መነጽሩን እየጠረገ።