ጨዋ ያልኳት ልጅ

የሥራዬ ስም ረጅም ስለሆነ ለሰው ስናገር አሳጥረዋለሁ፤ «የወረዳ ሠራተኛ ነኝ፤ ሕፃናት ያሉበት ቤት እየዞርኩ አያለሁ» እላለሁ። ጉለሌ ውስጥ ሜዳ ሜዳው ለሌሎች ደርሶ ለእኔ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ ሽቅብ ወደ ቁስቋም የሚወጣው ሰፈር ደረሰኝ። ቦርሳዬን አንግቤ በየቤቱ እገባለሁ፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚጫወት ጠይቄ ቅጽ እሞላለሁ። ጉልበቴ ያማርራል እንጂ እኔ ሥራውን እወደዋለሁ።

ያቺን ልጅ መጀመሪያ ያየኋት በዓመት ከስምንት ወሯ ነው። አባቷ ሸማኔ ነው። ባለ አንድ ክፍል ቤታቸው ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ወዳለው ጉድጓድ ሰዶ ነጠላ ይሠራል። እንጨቱን በመታ ቁጥር ቤቱ ኳ ኳ ይላል። እሷ እዚያው አጠገቡ ጋቢ ተነጥፎላት እንቅልፏን ትለጥጣለች።

«አይቀሰቅሳትም?» አልኳት እናቷን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«እሷን? ጨዋ ናት። አታለቅስ፣ አትረብሽ።»

አባቷም እጁን ሳያቋርጥ «የሸማኔ ልጅ አይደለች፣ ለምዳዋለች» አለ። ኩራቱ ያስታውቅ ነበር። እኔም አብሬያቸው ስቄ ቅጹ ላይ «ጨዋ፣ እንቅልፏ ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። በእኛ ሰፈር የማይጮህ ልጅ ይመሰገናል፤ እኔንም ያሳደገኝ ይኸው ሰፈር ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሳጫውታት ትስቃለች፤ ዓይኗን ከፊቴ አትነቅልም። መናገር ግን አልጀመረችም። «አባቷም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው አሉ» አለችኝ እናቷ። በቃ፣ አመንኩ። የሚቀጥለው ቤት ዳገቱ ላይ ሲሆን እኔ ማመን አይከብደኝም።

እዚያው ቤት በሌላ ቀን የምትሄድ ሴት ነበረች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ። እሷ ማክሰኞ፣ እኔ ሐሙስ። እሷ ክትባቱንና ክብደቱን ትጽፋለች፣ እኔ ጨዋታውን። የእሷ ደብተር ጤና ጣቢያ ይቀመጣል፣ የእኔ ወረዳ። ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ከመለዋወጥ አልፈን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር ሥራዬን የምትሻማኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር አገናኘን። ወሬ ስናጣ ስለምንዞርባቸው ቤቶች እናወራ ጀመር።

«የሸማኔው ልጅ ትገርመኛለች» አለች። «ክትባት ላይ አንዱ ሕፃን ሲጮህ የሰማው ሁሉ አብሮ ያለቅሳል። እሷ መርፌው እስኪነካት ድረስ ትስቃለች። ደብተሬ ላይ ደፋር ብያታለሁ።»

«እኔ ደግሞ ጨዋ» አልኩ።

ተያየን። ከዚያ ዝናቡ ሳያባራ ዳገቱን ተያያዝነው።

ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታን አባቷ ክር የሚጠቀልልባቸውን ባዶ ቀሰሞች ትደረድራለች። ባለሙያዋ የድስት ክዳን አንስታ ከኋላዋ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው። እኔ ደነገጥኩ። እናትየው ደነገጠች። አባትየው ሥራውን አቆመ። ልጅቱ መደርደሯን ቀጠለች።

ሆስፒታል አብረናቸው ሄድን። ሐኪሟ ልጅቱ እንደማትሰማ፣ ከውልደቷም ጀምሮ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችን። የምልክት ቋንቋ ቶሎ መጀመር አለባት፤ ልጅ ቋንቋ የሚይዝበት ጊዜ ካለፈ መመለሱ ከባድ ነው። «ዛሬ ነገ አትበሉ» አለች። እኔ በልቤ ወሩን ቆጠርኩ። ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ስምንት ወር ሄዷል።

መስማት የተሳናቸው ሕፃናት የሚማሩበት ቦታ ተገኘላት። በሳምንቱ መጀመሯን ለማየት ቤታቸው ብንሄድ ልጅቱ ቤት ናት፤ ቤቱም ጭር ብሏል። አባትየው የሽመና ዕቃውን ነቃቅሎ ግድግዳ ሥር ከምሮታል።

«እኔ ነኝ ያደነቆርኳት» አለ፣ ቀና ሳይል። «ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ ሥር ስመታ ኖርኩ። ሐኪሟ ይሉኝታ ይዟት ነው ያልነገረችኝ። አሁን ደግሞ ለሰው አሳልፌ አልሰጣትም። እኔው ያበላሸሁትን እኔው እይዛለሁ።»

እኔ ስልጠና ላይ የሰማሁትን ሁሉ ደረደርኩለት። አንዱም አልገባውም። ባለሙያዋ እስክጨርስ ጠበቀችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ የአባትህ ሥራ ምን ነበር?»

«ሽመና።»

«የት ነበር የሚሠሩት?»

«ቤት ውስጥ ነዋ።»

«አንተስ ሕፃን ሆነህ የት ነበር የምትተኛው?»

ዞር ብሎ የተከመረውን የሽመና ዕቃ አየ። «አጠገባቸው» አለ በመጨረሻ።

«ይኸው እኔን እየሰማኸኝ ነው።»

ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሚስቱ ትከሻውን ያዘችው። እኔም አልቻልኩም። በማግስቱ ጠዋት ልጁን አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሳት እሱ ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያው ግቢ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ደብተሮቻችንን ጎን ለጎን እንዘረጋለን። ቆይታ ልጅቱ የምትማርበት ቦታ መምህርትም ተጨመረች። ከብዙ ወር በኋላ ወረዳው «ተቀናጅታችሁ ሥሩ» የሚል ባለ ማኅተም ደብዳቤ ጻፈልን። ስቀን ፋይል አደረግነው።

ልጅቱ ዛሬ በእጇ ውሃ ትጠይቃለች፣ አባቷን ትጠራለች፣ ከሁሉ አብልጣ ደግሞ እምቢ ትላለች። እኔን ግን ያ ስምንት ወር ይከነክነኛል። አንድ ቀን እናቷ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት፤ የመጀመሪያ ቀን አይቻት ጨዋ ብዬ መጻፌን፣ ያኔ ባውቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ጊዜ እንደማይባክንባት።

እንዝርቷን አላቆመችም። «አንቺ አራት ቀን መጣሽ» አለች። «እኔ አቅፌያት ነው የማድረው።»

ይቅርታ ይሁን ራሷን መውቀሷ አልገባኝም። እንዝርቷን አስቀመጠችና «ታች ግቢ የአምስት ወር ሕፃን አለች፤ አይተሻታል?» አለችኝ።

«ነገ ነው የምሄደው።»

«ዛሬ እንሂድ። አብሬሽ እመጣለሁ።»

ታች ግቢ ሕፃኗ እናቷ ጭን ላይ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ተቀምጣለች። የሸማኔው ሚስት ዞራ ከኋላ በኩል ሄደችና ጎንበስ ብላ፣ በቀስታ «ሚጣዬ» አለች። ሕፃኗ አንገቷን አዙራ በዓይኗ ፈለገቻት።

«እሰይ፣ ትሰማለች» አለች ለጎረቤቷ፣ ፈገግ ብላ። ወዲያው አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ወጣች። ተከትያት ስወጣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ታለቅሳለች። አጠገቧ ቆምኩ። ሲወጣላት ዓይኗን ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ቀጥሎ የቱ ቤት ነው?» አለችኝ።