የማዳም መጋረጃ

አሮጌ መጋረጃ ስተኩስ የሚወጣው የአቧራ ሽታ ልጅ ሆኜ ወደኖርኩባት የሳዑዲ ከተማ፣ ወደ ደማም ይወስደኛል። እናቴ ራካ በሚባለው ሰፈር ለአንዲት ማዳም ልብስ ትሰፋ ነበር። ማዳም የጣለችውን መጋረጃ፣ ፀሐይ ያልነካውን ጀርባ ወደ ውጭ ገልብጣ የዒድ ቀሚስ ሰፋችልኝ። በዒድ እዚያው ቤት ይዛኝ ስትሄድ የማዳም ልጅ የቀሚሴን ጫፍ ገልጣ የደበዘዘውን አበባ አየችና፣ «ማማ፣ መጋረጃችን!» አለች። ለዒድ የተሰበሰቡት ሴቶች ሳቁ። እናቴ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ታክሲ ውስጥ፣ «ለምን ሳቅሽ?» አልኳት።

ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ እያስተካከለች፣ «እኔ ካልሳቅኩ መች ያቆማሉ ብለሽ ነው?» አለችኝ። አልገባኝም።

ዛሬ ከአሮጌ ጨርቅ የምሠራቸውን ሥዕሎች ሊያይ የመጣ ሰው ጠጋ ይልና፣ «ይሄ መጋረጃ ነው እንዴ?» ይለኛል። ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ።