በቀን የተዘጋ በር

ኢየሩስ ስለ ልጇ ፈተና የመጣውን የመምህር ተስፋሁንን መልእክት ለሰባተኛ ጊዜ አነበበችው። ስድስት ጊዜ አንብባው ያልተቀየረ ነገር ሰባተኛው ላይ ይለሳለሳል ብላ ሳይሆን አይቀርም። "ተፈታኟ ብቻዋን ትሁን። በሩ ይዘጋ። ካሜራው ፊቷን ያሳይ። የሌላ ሰው ድምፅ አንዴ ከተሰማ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል።"

ብቻዋን! ዶሮ ማነቂያ ሰፈር! አስራ አንድ አባወራ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ወሬ በሚጋራበት ግቢ፣ አንዱ ሲያስነጥስ በግድግዳው ማዶ ያለው "ይማርህ" በሚልበት፣ ብቻዋን። ይሄን ደንብ ያወጣው ሰውዬ ቪላ ቤት ያደገ መሆን አለበት።

እሱስ ይሁን፣ በሩ ነው ጣጣው። እዚህ ግቢ ቀን መጋረጃ ይወርዳል እንጂ በር አይዘጋም። በቀን በር ተዘጋ ማለት ወይ ባለቤቱ ሥራ ሄዷል፣ ወይ ውስጥ አስከሬን እየተገነዘ ነው። ሦስተኛ ምክንያት ማንም አያውቅም።

ልጇ ፍዮሪ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል። ስታወራ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል፤ ልክ ዳገት ላይ ማርሽ እንደከዳው ታክሲ ይንገራገጫል፣ ይንገራገጫል፣ አይሄድም። ቤት ውስጥ ማንም ጉዳዬ አይለውም። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ "ተነሺ አንብቢ" ባላት ቁጥር አርባ ሁለት ልጅ ከእሷ ቀድሞ "ኢ-ኢ-ኢትዮጵያ" እያለ ያዜምላት ነበር። አንድ ቀን ቤት ገባች፣ ቦርሳዋን አልጋ ስር ወረወረች፣ "ከ-ከዛሬ በኋላ አልሄድም" አለች። ተለመነች፣ ተገሠጸች፣ ጊዮርጊስ ተወስዳ ጸበል ተረጨች። እምቢ አለች፣ እምቢ።

ኢየሩስ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። በርቀት የሚያስተምር ትምህርት ቤት መኖሩን የነገረቻት አንዲት ደንበኛዋ ናት። ሞጁሉን ይሰጡሻል፤ ልጅሽ በሚመቻት ሰዓት ታጠናለች፤ የቤት ሥራውን ፎቶ አንስተሽ ትልኪያለሽ፤ መምህሩ በሳምንት ሁለቴ በስልክ ይመጣል። ኢየሩስ አላመነችም፤ ግን አስመዘገበቻት። ፍዮሪ የአንድ ወር ሞጁል በአስራ ሁለት ቀን ጨረሰችው። እናትየው በደስታ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ያስጨንቃት ጀመር፤ ግቢው።

ስጋቷ አልቀረም፣ በሦስተኛው ቀን እትዬ ዓለምጸሃይ መጡ። እትዬ ዓለምጸሃይ ግቢው ውስጥ አርባ ዓመት የኖሩ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደገባና ምን ይዞ እንደገባ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

"ኢየሩስ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት አትሄድም እንዴ?"

ቤት ነው የምትማረው ብትል የሚከተለውን ታውቀዋለች። "ምን አድርጋ ተባረረች?" ይላል አንዱ። "ኧረ ሆዷን አይታችኋል?" ትላለች ሌላዋ። ስለዚህ አፏ እሷን ሳያማክር መለሰ።

"የወፍ በሽታ ይዟት ነው፣ እትዬ።"

በቃ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ አጥሚት በየተራ መጣ። የገብስ ሾርባ መጣ፣ ጸበል በጀሪካን መጣ፣ ስሙ የማይታወቅ ቅጠል ተወቅጦ መጣ። ሰው በመጣ ቁጥር ፍዮሪ ሞጁሉን ብርድ ልብስ ውስጥ ሸጉጣ ታቃስታለች። በሽተኛዋ ጉንጭ አወጣች። ኢየሩስ ደግሞ ሳህን በመለሰች ቁጥር ከሳች።

አባትየው ኪሮስ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ባለፈው እሁድ ደውሎ፣ "ስምዕኒ፣ ስሚኝ" አላት እንደ ልማዱ በትግርኛ ጀምሮ፣ "እኔ ስልክ ያስተማረው ሰው አላየሁም። ይሄን የቃል ፈተና ካለፈች ትቀጥል። ከወደቀች ሰኞ ወደ ድሮ ክፍሏ።" ስልኩ ጮክ ብሎ ነበርና ፍዮሪ ሰማች። ራቷን አልነካችም፤ በማግስቱም እንደዚያው።

እንግዲህ የፈተናው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ኢየሩስ ስልኩን ከስኳር ጣሳ ጋር አስደገፈችው፤ ኔትወርኩ ይሻላል ብላ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ጎተተችው።

"አጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ" አለች፣ ግንባሯን ስማ።

"አ-አንቺ ነሽ የምትንቀጠቀጪው" አለች ፍዮሪ።

እውነቷን ነው። ወጣች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፣ በርጩማ ስባ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ጥያቄ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ጎረቤት ሁሉ ሥራና ገበያ የሄደበትን ሰዓት ነው አስልታ የመረጠችው። ጋሽ ወርቅአፈራሁን ረስታቸዋለች። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጡረተኛ ናቸው፤ ያላቸው ሥራ የእድሩን ጥሩንባ መንፋት ብቻ ነው። ሰው ካልሞተ ሥራ ፈት ናቸው።

"በሩን ምነው?" አሉ ቆም ብለው።

"ተኝታ ነው፣ ጋሼ።"

"በር ተዘግቶ?" በሩን አዩት፣ እሷን አዩዋት። ሌሊቱን ስላልተኛች ዓይኗ ቲማቲም መስሏል። "ሱቅስ?"

"ዛሬ አልሄድኩም።"

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ።"

ይሄ ለሐዘንተኛ የሚባል ነገር ነው። የኢየሩስ ልብ ግን ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ጆሮዋ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ጽናት ደግሞ በጣም ያስፈልጋት ነበር። "አሜን" አለች።

ሽማግሌው ወደ ገበያው ተጣደፉ። እሷ ቁጥር ትቆጥራለች። ከውስጥ የመምህሩ ድምፅ ይሰማታል፣ ከዚያ የልጇ መንገራገጭ፣ ከዚያ "ትክክል"። ሰባት። ስምንት። አንዱን አልሰማችውም። ሌላው "አይደለም" ተባለ።

ቀና ስትል እትዬ ዓለምጸሃይ እየመጡ ነው፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ከኋላቸው አራት ሴቶች፣ ሁሉም ዘቅዝቀዋል። ኢየሩስ ያኔ ነው "አሜን" ያለችው ነገር ምን እንደነበር የገባት። ብድግ ብላ እጇን አወዛወዘች። እጅ ማወዛወዝ ደግሞ የሐዘንተኛ ነው፤ ባሰ።

"ወይኔ ፍዮሪዬ! ወይኔ ሳትጠግቢ!" አሉ እትዬ ዓለምጸሃይ።

ከውስጥ የመምህሩ ድምፅ መጣ። "ፍዮሪ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ሰምቻለሁ። ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው።"

እትዬ ዓለምጸሃይ ለሁለተኛው አየር ሳቡ። ኢየሩስ በሕይወቷ ታላቋን ገፍታ እንኳ አታውቅም፤ አሁን ግን ዘላ አፋቸውን በመዳፏ ከደነችው።

"በሕይወት አለች!" አለች በሹክሹክታ። "ፈተና ላይ ናት!"

"የምን ፈተና?" አሉ በጣቶቿ መሃል።

"የትምህርት። ቤት ሆና ነው የምትማረው። አንድ ድምፅ ከተሰማ ይሰረዛል፤ ከተሰረዘ ወደዚያ ክፍል ትመለሳለች። እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ እትዬ!"

"በሽታውስ? መቼ ዳነች?"

ኢየሩስ ሦስት ወር የሸሸችው ጥያቄ ይሄ ነበር። ከኋላ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጥሩንባውን በኮታቸው ጫፍ እየወለወሉ ደርሰዋል።

"ታማ አታውቅም" አለች።

እትዬ ዓለምጸሃይ እጇን ከአፋቸው ላይ አነሱት። "አጥሚቱስ?" አሉ፣ ግን በሹክሹክታ። "ጉልበቴ እያመመኝ ከጊዮርጊስ ድረስ የተሸከምኩት ጸበልስ? አንቺ... አንቺ ቀጣፊ! ፊትሽ ደግሞ ሲታይ መልአክ!" ሰው በሹክሹክታ ሲሰድብ ከጩኸት ይከፋል፤ ትንፋሹም ጭምር ይነካል።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጥሩንባውን አፋቸው አጠገብ እንደያዙ አንገታቸውን አሰገጉ። "እና ልንፋ ወይስ አልንፋ?"

"ዝም በል አንተ ደግሞ!" አሉ እትዬ፣ አሁንም በሹክሹክታ።

ከውስጥ መምህሩ፣ "ፍዮሪ፣ ከውጭ ማን ነው ያለው? እውነቱን ንገሪኝ።"

ልጅቷ ቃሉን ለማውጣት ስትታገል ሁሉም ሰማ።

"ጎ-ጎ-ጎረቤቶች ናቸው። የ-የሞትኩ መስሏቸው ነው።"

"ምን?"

"በ-በሩ ስለተዘጋ።"

"ክፈቺውና አሳዪኝ" አለ መምህሩ።

በሩ ተከፈተ። ፍዮሪ ስልኩን ወደ ደጅ አዞረችው። አምስት ዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ አንድ ጥሩንባ፣ ጭንቅላቷን የያዘች አንዲት እናት። እትዬ ዓለምጸሃይ ለስልኩ እጅ ነሱ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጥሩንባውን ከኋላቸው ደበቁ።

ከስልኩ የመምህሩ ሳል ተሰማ። "እሺ። ሁለት ጥያቄ ይቀራል። እስካሁን አስራ አንድ በትክክል መልሰሻል፤ ማለፊያው አስራ ሁለት ነው። በሩ ክፍት ይሁን፣ ሁላችሁም ካሜራው ፊት ቁሙልኝ። አንድ ሰው ከንፈሩን ቢያንቀሳቅስ ግን እሰርዘዋለሁ።"

ኢየሩስ ስልኩን አየች፣ ልጇን አየች። ልጇ ሰው ፊት መናገር ፈርታ አይደል ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው? አሁን ግቢው በሙሉ አፍጥጦባታል። የፍዮሪ ፊት አመድ መሰለ። አስራ ዘጠነኛው ጥያቄ መጣ፤ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም፣ ደቂቃው አለቀ።

"የመጨረሻው። ደማችንን አጣርቶ ቆሻሻውን በሽንት የሚያስወጣው የሰውነት ክፍል ምን ይባላል?"

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ደነገጡ፤ አምና ጠጠር የወጣላቸው ከዚያው ነው። እንኳን እሳቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩት እትዬ ዓለምጸሃይም ያውቁታል። ግቢው ሁሉ መልሱን አፉ ውስጥ ይዞ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ።

"ኩ..." አለች ፍዮሪ። ቆመ። "ኩ-ኩ..."

የእትዬ ዓለምጸሃይ አገጭ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ወተፉት። ኢየሩስ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልጇን ማየት አልቻለችም። ሳቀ የሚባል ሰው ግን አልነበረም።

"ሃያ ሰከንድ" አለ መምህሩ።

"ኩ-ኩ-ኩ... " ፍዮሪ አቆመች። ትንፋሽ ወሰደች። እናቷን ሳይሆን እትዬን አየቻቸው፤ ነጠላ ጎርሰው፣ ዓይናቸው ፈጥጦ፣ ምጥ የያዛቸው ይመስላሉ። የልጅቷን ከንፈር ፈገግታ ነገር ጫር አደረገው። "ኩ-ኩላሊት!"

"ትክክል። አስራ ሁለት። አልፈሻል፣ ፍዮሪ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ ይፈቀድ አይፈቀድ ግራ ገብቷቸው እትዬን አዩ። እትዬ ዓለምጸሃይ ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ፣ አራገፉ፣ ቀና አድርገው ለበሱት። ገብተው ልጅቷን ሁለት ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ ወደ ኢየሩስ ዞሩ።

"ልጅሽ አልፋለች" አሉ። "አንቺ ግን ገና ነሽ። ያንቺን ውጤት የምሰጠው እኔ ነኝ።"

"እሺ፣ እትዬ" አለች ኢየሩስ፣ እጇን አጣምራ።