ከታቦር ላይ ያየሁት ነጭ አንሶላ

ባለፈው ሰሞን አንድ አንባቢ ስለ ሐዋሳው ታቦር ተራራ በዚህ ዓምድ ጽፎ ነበር። ሐይቁ ከላይ ሲታይ ልብ ያሳርፋል ይላል። አልዋሸም። እኔ ግን በደርግ ጊዜ አንድ እሑድ ጠዋት ከዚያ ተራራ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። እስካሁን ለማንም ዘርዝሬ አልተናገርኩም።

ያኔ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቤታችን ከተራራው ሥር ነው። አባቴ በልብ ሕመም አልጋ ከያዘ ወራት አልፎት ነበር፤ አስታማሚውም እኔ ብቻ። ቀበሌው ደግሞ በየእሑዱ ታቦር ላይ ችግኝ ያስተክለናል። ሥራው ሲጀመርና ሲያልቅ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይመዘገባል። በዚያ ዘመን መመዝገብ ምን ማለት እንደሆነ የእኔ ዕድሜ ሰው ያውቃል።

የዚያን ዕለት አባቴ ትንፋሽ አጥሮት አደረ። ጎረቤታችን እትዬ ማርታ መጡና፣ “አንቺ ሂጂ፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከባሰበት ነጭ አንሶላ አጥሩ ላይ እሰቅልልሻለሁ፤ ከላይ ይታይሻል” አሉኝ።

አባቴ ሰምቶ ፈገግ አለ። “ሸራ የሚሰቀልበት መርከብ አደረጋችሁኝ እኮ” አለ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ተራራው ላይ ስም የሚጠራው የሰፈራችን ሰው ነበር። ማንነቱን አልጽፍም፤ ራሱን ያውቃል። ልጅ ሳለ ፊደል ያስቆጠረው አባቴ ነው።

ሦስተኛውን ጉድጓድ ስቆፍር ወገቤን ላሳርፍ ቀና አልኩ። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ከሥር የቤቶቹ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ፓፓያችንን ምልክት አድርጌ ቤታችንን ፈለግኩ። አጥሩ ላይ ነጭ ነገር ተሰቅሏል።

ወደ ሰውዬው ሮጥኩ። “አባቴ ብሶበታል፣ ልሂድ” አልኩት።

“ማን ነገረሽ?”

“አንሶላ ተሰቅሏል፤ ምልክታችን ነው።”

እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ታች አየ። “ጓዲት፣ ዛሬ እኮ እሑድ ነው። ሰው ልብስ ያጥባል” አለ።

ሰዎች ሳቁ። አንዷማ፣ “እኔም ቤት ልብስ ተሰጥቷል፣ ልሂድ?” አለች። እሷንም አልረሳኋትም።

“አባቴን ታውቀዋለህ” አልኩት ቀስ ብዬ።

“አባት የሌለው ማን አለ? ሁለተኛው ስም ጥሪ ሳያልቅ የሚወርድ የለም” ብሎ መዝገቡን ገለጠ።

መውረጃው ላይ ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች ቆመዋል። ወደ ጉድጓዴ ተመለስኩ። አንድ ዶማ እመታለሁ፣ ቀና እላለሁ። መጀመሪያ በራችን ተከፈተ። አንዲት ሴት እጆቿን ራሷ ላይ ጭና ወጣች። ቀጥሎ ሰው አንድ ሁለት እያለ መግባት ጀመረ። ሁለት ወንዶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ግቢው ውስጥ አስቀመጡ። ጩኸቱ እኔ ዘንድ አይደርስም። በመጨረሻ አንሶላውን ከአጥሩ ላይ አወረዱት። የምጠራበት ጉዳይ እንዳለቀ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሁለተኛው ስም ጥሪ ደረሰ። ስሜን ጠራ። “አለሁ” አልኩ።

አባቴን በዚያው አንሶላ ተሸፍኖ አገኘሁት። እትዬ ማርታ አቅፈውኝ፣ “‘አየችው?’ እያለ ሲጠይቀኝ ነበር። ‘አይታለች፣ እየመጣች ነው’ አልኩት” አሉኝ።

ሰውዬው ለቅሶ መጣ፤ ከለቀስተኛውም ጋር ተቀመጠ። “ልብስ መስሎኝ እኮ ነው” አለኝ። ፊደሉን ያስቆጠረው ሰው አስከሬን በዚያ አንሶላ ተሸፍኖ አጠገቡ ነበር።

አሁን እሱም እኔም አርጅተናል። አምና መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ “እትዬ፣ ያኔ የተከልነው ችግኝ እኮ ደን ሆነ” አለኝ፤ ያውም እየሳቀ። ጥዬው አለፍኩ። ይቅር በይው የሚሉኝ አሉ። እሱ ግን አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቀኝም።

በቅርቡ ልጄ ደግፋ ታቦር ላይ አወጣችኝ። “እማዬ፣ ሐይቁን እይው፣ እንዴት ያምራል” ትለኛለች። እኔ ቤታችንን እፈልግ ነበር። አጣሁት። እጄ የተከላቸው ዛፎች አድገው ጋርደውታል። ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ፤ አዘንኩ ብልም እንዲሁ። ብቻ ዞሬ ሐይቁን ማየት አልሆነልኝም።