ታጥቦ የተመለሰው ቅል

ሆሳዕና ከተማ በሙሽርነት ስገባ አሥራ ሁለት ብርሌ በገለባ ተጠቅልሎ በአንድ በቅሎ ላይ ይከተለኝ ነበር። ከሸዋ እስከዚያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተጉዘን የተሰበረው አንድ ብቻ ነው። እሱንም የሰበርኩት እኔው ነኝ፣ ደህና መድረሱን ላይ ብዬ ስፈታው። ባለቤቴ በአገረ ገዥው ግቢ ጸሐፊ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ ያገባሁ እኔ ነኝ እል ነበር፤ በሆዴ ነው ታዲያ።

ያኔ ሰውን የምመዝነው በዕቃው ነበር። ብርሌ ያለው፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ያለው፣ እሱ ሰው ነው። የሌለው ምስኪን ነው፣ እግዜር ይርዳው። ከአጥራችን ማዶ የምትኖረውን የሀዲያ፣ የሌሞ ጎሣ ሴትም በዚሁ ሚዛን መዝኜ ቶሎ ጨረስኳት። በእናቴ ዕድሜ የምትሆን ቀጭን፣ ረጅም ሴት ነች። ባሏ የሚያርሰው መሬት በደመወዝ ፈንታ ለባለቤቴ የተሰጠ ስለነበር፣ በጊዜው ደንብ እሷ ገባር፣ እኔ እመቤት ነን። ትልቁ ክብ ቤቷ ውስጥ ከብትና ሰው ባንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ወጣሁ።

እሷም በተራዋ እኔን ልትጠይቅ መጣች። ላሜ ደጅ ዝናብ ላይ ታስራ ስታይ ጉንጯን ይዛ፣

"ውይ እሜቴ! ምን አጠፋች?" አለችኝ።

ነገሩን ለማስረሳት ብርሌዬን አውጥቼ ለብርሃን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ውስጡ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል አልኳት።

"ለምን ይታያል?"

"የምትጠጪውን ታውቂያለሻ!"

ትንሽ አሰበችና፣ "የቀዳችልሽን ሴት አታምኛትም?" አለች። ቀጥላ ቁልፍ የተንጠለጠለበትን ሳጥኔን እያየች፣ "ይሄስ ምን አጠፋ?"

እሷ ከወጣች በኋላ ተናድጄ እንጀራ እንኳ አልበላሁም። ደግሞ እኮ በእርስዎ ፈንታ አንቺ ነበር የምትለኝ።

በዓመቱ አረገዝኩ። እናቴ ዘጠኝ ቀን መንገድ ርቃ ነው ያለችው። እህት የለኝም፣ አክስት የለኝም። በግቢው ያሉት የሹማምንት ሚስቶች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ ከሌላዋ ጋር ስለማትነጋገር እኔም ከማን ጋር መነጋገር እንዳለብኝ ሳልወስን ከሁለቱም ቀረሁ። ፈራሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ሞት ፈራሁ። ሲያምጠኝ ወገቤን ማን ይዞ፣ ገንፎዬን ማን አገንፍቶ፣ በምን ቅቤ?

ምክንያቱም ላሜ የስም ላም ነች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለኔ የተነገረ ይመስል ነበር፤ የኔዋ ምድር ላይ መቆሟ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሳምንት ሙሉ አጠራቅሜ ስንጥ የሚወጣው ቅቤ ለራሴ ጸጉር አይበቃም። ጎረቤቴ አንድ ቀን ስታየኝ ሳቋን ልትይዘው ሞክራ አቃታት።

"ብቻሽን ትንጫለሽ?" አለችኝ። "እኛ ዊጆ አለን። አምስት ሴት ነን። የዚህ ሳምንት ወተት ሁሉ ወደ አንዷ ቤት ይሄዳል፣ እሷ ትንጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላዋ። የወለደች ሴት ግን ተራ አትጠብቅም። ቅቤው ወደሷ ይሄዳል፣ ሴቶቹም ይሄዳሉ።"

እኔ የሰማሁት የመጨረሻዋን ቃል ነው። ሴቶቹም ይሄዳሉ።

ለባለቤቴ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። "የጸሐፊ ሚስት ከገባር ሴቶች ጋር ወተት ልትቀላቅል?" አሉ።

"የጸሐፊ ሚስትስ ስታምጥ ወገቧ የሚታሸው በወረቀት ነው?" አልኳቸው። ያን ቀን አፌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ እሳቸውም አላወቁም መሰል ብዕራቸውን መልሰው አነሡ።

ጎረቤቴ፣ አስገቡኝ ስላት እንደነገረችኝ፣ ማኅበሩ አዲስ ሴት ከማስገባቱ በፊት እያንዳንዷ አባል አንድ ቅል ወተት ትልክላታለች። መጀመሪያ የደረሰው የጎረቤቴ ቅል ነው። አፉ ላይ አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ተወትፎበታል። በሆዴ፣ ክዳን እንኳ የላቸውም፣ ምስኪኖች አልኩ። ሣሩን አውጥቼ ጣልኩና ወተቱን ገልብጬ ቅሉን በፈላ ውሃና በአመድ ፈተግኩት። ደግሜ ፈተግኩት። በወይራ አጠንኩት። በዕድሜው እንዲህ ጸድቶ አያውቅም። ባዶውን፣ የሚያብረቀርቀውን ቅል በራሴ እጅ ወስጄ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፤ ውስጡን አየች፤ እኔን አየች። በአድናቆት ነው ብዬ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ሁለተኛው መጣ፤ ከዚያ ሦስተኛው። እኔ ሣሩን እየወረወርኩ፣ ቅሉን እየፈተግኩ፣ ባዶውን እየመለስኩ አምስቱንም ጨረስኩ። አንደኛዋ ስትቀበለኝ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሌላዋ እጇን አልዘረጋችም፣ መሬት ላይ እንዳስቀምጠው በአገጯ አመለከተችኝ። እኔ እንደሆንኩ፣ ንጽሕናዬ አስደንግጧቸዋል፣ ቀስ በቀስ ይለምዱታል እያልኩ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚጠራኝ ጠፋ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ሆዴ ከኔ ቀድሞ በር የሚገባበት ጊዜ ደረሰ። ሴቶቹ በአጥሬ ሥር ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ቀን አምስቱም ጎረቤቴ ደጅ ተቀምጠው በሀዲይኛ ሲነጋገሩ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ቤቴ ሲጠቁሙ አየሁ። ማታውን ማልቀሴን ባለቤቴ ሰሙና አዘኑልኝ። ባዘኑ ጊዜ ደግሞ የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ስነሣ ጽፈው ጨርሰዋል፦ "ከዛሬ ጀምሮ ከባለቤቴ ጋር በወተት ማኅበር እንድትገቡ ታዛችኋል።" የሚቀረው ለጭቃ ሹሙ መስጠት ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲቃጠል ሲያዩ ፊታቸው ላይ የወጣውን ነገር እስካሁን አልረሳውም። ታዝዘው የሚመጡ ሴቶች በምጥ ሰዓት ምን ያደርጉልኛል? ያንን ሳስብ መቀመጥ አቃተኝ፤ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ።

"ምን በደልኩ?" አልኳት ገና ከደጅ።

መቀመጫ ሰጠችኝ። ቅሏን ከግድግዳው አወረደች። "ሣሩን የት አደረግሽው?"

"ጣልኩት። ቆሻሻ መስሎኝ ነው።"

"ሣሩ ለላሚቱ ነው። ነገም ትብላ፣ ነገም ትታለብ ማለት ነው። ቅል ባዶውን አይመለስም። ትንሽ ነገር ይገባበታል፣ ሣር ይደረግበታል። ባዶውን የሚመልስ፣ ካንቺ ጋር ጨርሻለሁ የሚል ሰው ነው። አንቺ ደግሞ አጥበሽ መለስሽ! ሽታችን እንኳ እንዳይቀርብሽ።"

ከአምስት ሴት ጋር በአምስት ቀን ተጣልቻለሁ፤ ያውም በአመድና በፈላ ውሃ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ። ልስቅ ስል አለቀስኩ። እሷ ግን እኔን አይታ መሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ አብረን ሳቅን።

በማግሥቱ አምስቱንም ቅሎች መልሼ ለምኜ ወሰድኩ። በሦስቱ ቆሎ፣ በሁለቱ ማር አደረግሁባቸው። ሣሩንም ራሴ ላጭድ ወጣሁ፤ በዚያ ሆድ ጎንበስ ማለት ስለማልችል ተቀምጬ እየተንፏቀቅኩ ነው ያጨድኩት። እንዳይጎድል ብዬም እየጠቀጠቅኩ አስገባሁበት። ጎረቤቴ የሷን ስትቀበል ሣሩን ስታወጣ፣ ስታወጣ፣ አላልቅ አላት። "እሜቴ፣ ቅሉን ነው ወይስ ላሚቱን የምታበይው?" አለችኝ። ቆሎው ጋ የደረሰችው ብዙ ቆይታ ነው።

እንዲህ ገባሁ። ወተቱ በለስላሳ እንጨት ይለካል፤ እንጨቱን ቅሉ ውስጥ ነክረው ወተቱ የደረሰበትን ያያሉ። መጀመሪያ ቀን የኔን ሲለኩብኝ፣ ሌባ ነኝ እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። በወሩ ግን እንጨቱን ይዛ ዓይኗን አጥብባ የሌሎቹን የምትለካው ሴት እኔ ነበርኩ፤ ከኔ የባሰች መርማሪ አልነበረችም። ላሜንም ከዝናብ አስገባኋት። ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ፈልገው ለማን እንደሚጽፉ ስላጡ ተዉት።

ምጡ ጠዋት ያዘኝ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሴት ልጅ ወለድኩ። አምስቱም አጠገቤ ነበሩ። አንዷ ከኋላ ደግፋ ይዛኛለች፣ አንዷ ወገቤን በቅቤ ታሻለች፣ የቀሩት ምን እንደሚሉኝ አልገባኝም፤ ድምፃቸው ግን በቂ ነበር። እናቴ የለችም ብዬ ያሰብኩት አንዴ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቅቤው መጣ። የማኅበሩ አንድ ማሰሮ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ከማሰሮው በላይ እያንዳንዷ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን የራሷን ጨምራ ከፊቴ ደረደሩት። ደነገጥኩ።

"እትዬ፣ ተሳስታችኋል" አልኳት ጎረቤቴን። "እኔ ያዋጣሁት የዚህን ሩብ አይሞላም።"

አንዱን ቅጠል ፈትታ በጣቷ ቆረሰችና ወደ አፌ አስጠጋችው።

"ለባልሽ የግብር ቅቤ የምናመጣው ታዘን ነው" አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር። "ይሄ ወደን ነው። ብይውና ልዩነቱን እወቂ።"

በላሁ። ጣፈጠኝ፤ አፈርኩም። እየዋጥኩ ፊቴን ወደ ልጄ አዞርኩ።

በዚህ መሐል ባለቤቴ ልጃቸውን ሊያዩ ገቡ። ቅቤውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፣ እጃቸውም እንደ ልማዱ ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ወረቀቱ ሄደ።

"እሰይ፣ ዘንድሮስ ግብሩን አምጥተዋል!" አሉ። "ከዚህ ውስጥ የኔ ድርሻ የትኛው ነው?"

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"እርስዎ የሉበትም" አልኳቸው።