ውሃ የሚጠጣው ኮምፒውተርና የአጎቴ ልጅ ጣቶች

የአጎቴ ልጅ ጣቶች ቀጫጭን ናቸው። ይህን የምለው ላደንቃቸው አይደለም። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሜን የነጠቁኝ እነሱ ስለሆኑ ነው።

ወንድሜ አቃቂ በሰቃ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግናል። ጌም ሲጫወት ደግሞ ስሙን ቢጠሩት አይሰማም። የራሱን የጌም ኮምፒውተር ሊሠራ ቀስ በቀስ ዕቃ ሲያጠራቅም ከረመ፤ አንዴ ግራፊክስ ካርድ፣ አንዴ ፓምፕ፣ አንዴ ደግሞ ቁርጥ የመኪና ራዲያተር የሚመስል፣ ግን ከደብተር የማይበልጥ ራዲያተር። ሁሉንም አልጋው ሥር ሲከት አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። "ይሄ ምንድነው? ያኛውስ?" እያልኩ የማደርቀውም እኔ። እያጉረመረመም ቢሆን ያስረዳኛል። ኮምፒውተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፤ ውሃው በቱቦ እየዞረ ሙቀቱን ከውስጥ ይሸከምና ራዲያተሩ ላይ ያራግፈዋል። ያውም ሁሉም ነገር ሁለት የጫማ ካርቶን ቢደራረብ በሚያክል ኬዝ ውስጥ መግባት አለበት። ሳሪስ ጓደኛው ቤት ሲሄድ ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎት መሄድ ፈልጎ ነዋ!

እናቴ ስትሰማ፣ "ኮምፒውተር ደግሞ ውሃ ይጠጣል? ያውም እኛ በፈረቃ የምናገኘውን!" አለች።

እኔ ግን የሚገጣጠምበትን ቀን እንደ በዓል ነበር የጠበቅኩት። ካቻቪቴ የማቀብለው፣ ምናልባትም ብሎን የማስረው እኔ ነኝ ብዬ ነበር። በዚያው ቀን የአጎቴ ልጅ ከኮዬ ፈጬ መጣች። እናቷ የላከቻትን ዕቃ አድርሳ ልትመለስ ነበር፤ ብትመለስ ጥሩ ነበር።

ወንድሜ ቱቦውን ሊሰካ እጁን ወደ ኬዙ ቢሰድ አልገባም። ክንዱን አጣሞ ሞከረ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ሞከረ።

"እኔ ልሞክር" አልኩት።

"አንቺ? ያንቺ ጣትማ ሙዝ ነው። ደሞ ትቸኩያለሽ።"

የአጎቴ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። "እስቲ አሳየኝ፣ ወንድሜ" አለችው።

ወንድሜ! የእኔን ወንድም!

እሷ ሹሩባ ትሠራለች፤ የሰፈሯ ልጆች እሑድ እሑድ በሯ ላይ ይሰለፋሉ። ጣቶቿ ሰተት ብለው ገቡ። ቱቦውን መጋጠሚያው ላይ ሰካች፣ ቀለበቱን አጠበቀች። አልበቃትም፤ የተዝረከረኩትን የኤሌክትሪክ ገመዶች ጎንጉና ኬዙ ጥግ ላይ አስተኛቻቸው።

"ኧረ ተመልከቺ!" አለኝ ወንድሜ፣ ዓይን የሌለኝ ይመስል። "ሥራ ማለት እንዲህ ነው!"

"ቆንጆ ነው" አልኩ። ያለው አፌ ብቻ ነው። አንዷ ገመድ በተፈታች ብዬ ተመኘሁ። አንዷ ብቻ። አልተፈታችም።

ከዚያ ውሃ መሙላት መጣ። የሚሞላው የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። የአጎቴ ልጅ በትልቅ መርፌ እየሳበች ጠብ፣ ጠብ ታደርጋለች። አየር እንዲወጣበት ከራዲያተሩ አንድ ቱቦ ክፍቱን ተትቷል። ውሃው ከፓምፑ ጋር የተያያዘችውን ትንሽ ማጠራቀሚያ ሞላና ቆመ፤ ወደ ቱቦዎቹ አልሄድም አለ። ፓምፑ ሲበራ ጉርርር ብሎ ጮኸ።

"አየር ይዞታል" አለ ወንድሜ አጥፍቶት። ሁለቱም ስልክ ላይ ቪዲዮ ፍለጋ አጎነበሱ፤ ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው።

እኔ ግን መላው ወዲያው መጣልኝ። እኛ ቤት ውሃ በመጣ ቀን በርሜል እንሞላለን፤ ከበርሜሉ ወደ ጀሪካን የምንቀዳው በጎማ ነው። ጎማው አየር ሲይዝ በአፍ ይሳባል። በግቢው ውስጥ እኔን የሚያህል ሳቢ የለም። ክፍቱን ቱቦ አፌ ውስጥ ከተትኩና ሳብኩ።

መጣ! ውሃው ቱቦዎቹን እየሞላ ሽቅብ ወጣ፣ አፌ ደረሰ፣ ወለሉ ላይ ተፋሁት።

"ሄደልህ!" ብዬ ጮህኩ።

ወንድሜ ቀና ሲል ቱቦው ከንፈሬ ላይ ነው። "አንቺ! በአፍሽ?"

"ሄደ እኮ!"

"ምራቅሽ ገባበት እኮ! ይሻግታል! ውስጡ አረንጓዴ ነገር ያበቅላል!"

"ምሳዋን አካፍላው ነው" አለች የአጎቴ ልጅ። "ሽሮ የበላ ኮምፒውተር!"

በሳቅ ፈረሱ። እኔ እንባዬን ዋጥኩ። ያ ሁሉ ውሃ ተደፋ፤ ጠርሙሱም ባዶ ሆነ። "ሁለታችሁም ሂዱና ሌላ አምጡ" አለ ወንድሜ። ብቻዬን ቢልከኝ ምን ነበረበት?

ዋናው መንገድ ላይ ከባድ መኪኖች አቧራውን እያስነሱ ያልፋሉ። መለዋወጫ ሱቅ ገብተን የባትሪ ውሃ ስንጠይቅ ሻጩ፣ "ለየትኛው መኪና ነው?" አለን።

"ለኮምፒውተር" አለች እሷ።

"ስንት ኩንታል ይጭናል?"

ከእሷ ጋር ላለመሳቅ ታገልኩ። አልቻልኩም።

ስንመለስ ጠርሙሱን ለመያዝ ተጓተትን።

"ያዢው በቃ!" አለችኝ ለቀቅ አድርጋ። "ሁሉም ነገር ያንቺ አይደል?"

"ምኑ?"

"ወንድም አለሽ። ይቆጣሻል፣ ይስቅብሻል። እኔ ቤት ብገባ ከእኔ ሌላ ልጅ ማን አለ? ቴሌቪዥን።"

ልታሳዝነኝ ይገባ ነበር። ትንሽ አሳዝናኛለች። ከዚያ በላይ ግን ደስ አለኝ። እኔም የሚቀናብኝ ሰው አለ! እስከ ቤት ጠርሙሱን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ ይዤው ሄድኩ።

ወንድሜ በስልኩ መላውን አግኝቶ ጠበቀን፤ ኬዙን እያዘነበሉ መሙላት ነው። እሷ ታንጠባጥባለች፣ እኔ አቅፌ አዘነብላለሁ። ጎማ ስስብ ስለኖርኩ አየሩ የት እንደተደበቀ ድምፁን ሰምቼ አውቃለሁ። "ወደ ግራ ነው ያለው፣ ቆይ" እላለሁ፤ አረፋው ቡልቅ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወንድሜ "የት ነው?" እያለ የሚጠይቀው እኔን ነበር። መጋጠሚያዎቹ ሥር ሶፍት አንጥፈን ፓምፑን ብቻውን አስነሳነው። ደጋግመን ሶፍቱን ዳሰስን፤ ደረቅ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩን አበራው። በቱቦዎቹ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ዞረ።

የሳሪሱ ጓደኛው ደወለ። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማል፤ "ብቻህን ሠራኸው?"

"ምን ብቻዬን! ከሁለቱ እህቶቼ ጋር ነው እንጂ።"

ሁለቱ። የአጎቴ ልጅ ፊቷ ፈካ። የእኔ ክንድ ኬዙን ከመሸከም ዝሏል፤ እሷ ደግሞ ከወንድሜ አጠገብ ወዳለችው አንዲት ወንበር እየሄደች ነው።

"ጠጋ በይ" አልኳት። ወንበሯ ለሁለት ሰው ትጠባለች። በወንድሜ በኩል ያለውን ግማሽ የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።