የዓለም ሻምፒዮና በቆቦ መናኸሪያ ጀርባ

ያኔ ዓለም ማለት ለእኛ ሦስት ከተማ ነበረች፤ ቆቦ፣ ሮቢትና ዋጃ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የሦስቱ ልጆች ከቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ግራር ሥር እንሰበሰብና «የዓለም ሻምፒዮና» እንጫወታለን። ጨዋታው ከማስቲካ ጋር በሚወጣው፣ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ባለበት ካርድ ነው። ካርዱ በፊቱ ይደፋል፤ አጠገቡ ያለውን መሬት በመዳፍ መትቶ የገለበጠው ይወስደዋል። በፍጻሜው ግን የመጨረሻዋን ካርድ የገለበጠ የተጋጣሚውን ካርድ ሁሉ ጠራርጎ ይሄዳል።

በዚያ ዓመት ለፍጻሜ የደረስነው እኔና አንድ የዋጃ ልጅ ነበርን። እዚያ የደረስኩ የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ፤ ይህን ደግሞ ለአፍታ እንኳ እንድረሳው የፈቀደልኝ አልነበረም። «የሴት መዳፍ ሊጥ ለማቡካት ነው» ይሉኝ ነበር። በዚሁ የሊጥ መዳፌ ሮቢቶችን ባዶ ኪሳቸውን ሸኝቻቸዋለሁ።

እናቴ ያን ሰሞን በወባ ተኝታ ነበር። «ሂጂ፣ ተጫውተሽ ነይ» ብላ ያስወጣችኝ እሷው ናት፤ ልቤ ግን እሷው ዘንድ ቀርቷል።

የመጨረሻዋ ካርድ መሃላችን ተደፋች። ሁለት ክረምት ያጠራቀምኩት ሁሉ፣ በላስቲክ የታሰረው፣ በእሷ ላይ ቆሟል። ልጁ መታ፤ አልነቃነቃትም። ተራው የእኔ ሆነ። የከሰዓቱ ነፋስ አቧራውን ማንሳት ጀምሯል። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ መታሁ። ካርዷ ብድግ አለች፣ በጠርዟ ቆመች፣ ተገለበጠች። በመዳፌ ምት ስትነሳ ተሰምቶኛል።

«ነፋስ ነው» አለ የዋጃው ልጅ።

ቆቦዎች ጮኹ፣ ዋጃዎች ጮኹ፤ አንዱ ድንጋይ አነሳ። ዳኛችን ጥላ ፍለጋ እዚያው ግራር ሥር የሚውሉ፣ ትልቅ ሰው ሲጣላም የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ። ዱላቸውን በመሃላችን ሲያጋድሙት ድንጋዩም ተጣለ።

«የኔ ዓይን ደክሟል፣ አላየሁም» አሉ። «እህ፣ ምን ይሻላል?»

«ትማል፣ አባባ» አለ ልጁ። «‹እናቴ ትሙት› ትበልና ሁሉንም ትውሰደው፤ እምቢ ካለች ግን ሁሉም የእኔ ነው።»

«ደግ ተናገረ። በይ ማይ፣ ልጄ።»

ይህን መሐላ ስኳር ሰረቃችሁ በተባልን ቁጥር እንደ ዋዛ የምንወረውረው ነበር። ያን ቀን ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ጠዋት ትቻት ስወጣ የእናቴ ጥርስ ይንገጫገጭ ነበር። እውነቴን መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አላህ እውነቱን ትቶ ቃሉን ብቻ ቢሰማስ? ታላቅ ወንድሜ ከኋላዬ ጎሸም አደረገኝ። «በይ እንጂ፣ ምን ያዘሽ?»

«አልልም» አልኩ።

«እንግዲያው ነፋስ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ቅር እያላቸው።

ልጁ ካርዶቼን ከነላስቲካቸው ኪሱ ከተተ። የቆቦ ልጆች «እውነቷን ቢሆን ትምል ነበር» እያሉ ጥለውኝ ሄዱ፤ ወንድሜም አብሯቸው።

ቤት ስገባ እናቴ ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጓት ቁጭ ብላለች። ስለ እሷ ብዬ መተዌን ስነግራት የምትመርቀኝ መስሎኝ ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ለነፋሱስ ማን ማለ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ልጁ እናት የለችውም?»

እናትማ አለችው። በገበያ ቀን እየተከተላት ሲመጣ አይቼዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ለአንዳችንም፣ ለእኔም ጭምር፣ እሱን «ማል» ማለት አልመጣልንም።